ለ3 ቀን ሺአን ልሄድ ነው፤ ካሜራዬን ይዤ ምን ላይ ላተኩር?

ቤቲ ከገርጂ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ለመሥሪያ ቤት ሥልጠና ቤጂንግ ልሄድ ነው። ሥልጠናው ሲያልቅ 3 ቀን ትርፍ አለኝ። ሱቅ ለሱቅ ከምዞር የቻይናዋን ጥንታዊ ከተማ ሺአንን አይቼ ልምጣ ብያለሁ። ሰኞ ጥቅምት 10 እኩለ ቀን ላይ እገባለሁ፣ ረቡዕ ጥቅምት 12 ማታ እመለሳለሁ።

ፎቶ እንጀራዬ አይደለም፣ ፍቅሬ ነው። ያለኝ ካኖን አር10 ካሜራ፣ አብሮት የመጣው 18-150 ሌንስ፣ 50 ሚሊ ሜትር 1.8 እና አንዲት ቀላል ትራይፖድ ናት።

የምጠይቃችሁ ይሄን ነው። ለሸክላ ወታደሮቹ (ከጥንቱ ንጉሥ ጋር ለተቀበሩት ሐውልቶች) እና ለከተማው ግንብ 10-18 ሰፊ ሌንስ ልግዛ? ዋጋውን ባለቤቴ ከሰማ ሺአን ሳልደርስ ነው የምቀረው። ጓደኛዬ ደግሞ ድሮኑን ሊያውሰኝ ፈቅዷል፣ ልውሰደው? በመጨረሻ፣ ሰው ማንሳት እወዳለሁ ግን አፍራለሁ። ቻይንኛ አንድ ቃል አልችልም። ሲነሱ ይቆጣሉ?

ሺአን የሚማረው

እንኳን ደህና መጣሽ ልበልሽ፣ 4ኛ ዓመቴን እዚህ ይዣለሁ። ሌንሱን አትግዢ። የወታደሮቹ ዋና ጉድጓድ 230 ሜትር ርዝመት፣ 62 ሜትር ስፋት አለው። ፊት ለፊት ካለው መመልከቻ ላይ ቆመሽ 18ቱ ሰልፉን በሙሉ ይዞልሽ ይመጣል። ያንን ፎቶ ደግሞ የሄደ ሰው ሁሉ አለው። አንቺ የሚያስፈልግሽ ወደ ፊታቸው መቅረብ ነው፣ ለዚያ 150ው አለሽ። የአንዱ ፊት ከሌላው ጋር አይመሳሰልም። ጢም አለ፣ የተሠራ ፀጉር አለ፣ የሰለቸው የሚመስል አለ።

ይልቅ ስለ ሰዓት ተጨነቂ። ቻይና ያን ሁሉ አገር ይዛ ያላት ሰዓት አንድ ብቻ ነው፣ የቤጂንግ። ሺአን ወደ ምዕራብ ስለሆነች ፀሐይዋ ከቤጂንግ ትዘገያለች። አንቺ በምትመጪበት ሳምንት በነሱ አቆጣጠር 7 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ትወጣለች፣ 18 ሰዓት አልፎ ወዲያው ትጠልቃለች። በኛ ከጠዋቱ 1 ሊሞላ ሲል እና ልክ ምሽት 12 ማለት ነው። ስልክሽ የሚልሽን ብቻ እይ፣ በጭንቅላትሽ እየቀየርሽ እንዳትጃጃዪ። እኔ የመጀመሪያው ወር 2 ጊዜ ክፍል አምልጦኛል።

አሮጌው ኒኮን

ልጄ፣ ድሮኑን ለጓደኛሽ መልሺለት። ቻይና ውስጥ ድሮን በስም ተመዝግቦ ነው የሚበረረው፣ የከተማና የአየር ማረፊያ ክልሎችም ክልክል ናቸው። ለ3 ቀን ብለሽ ምን አስጨነቀሽ። እዚህም ቢሆን ያለ ፈቃድ ድሮን ይዞ ቦሌ መግባት ጣጣ ነው። ይዘሽው ወጥተሽ ስትመለሺ ማን ያምንሻል?

ካሜራውንም ቢሆን ከመውጣትሽ በፊት ጉምሩክ ጠይቂ፣ የገዛሽበትን ደረሰኝም ያዢ። ስመለስ አዲስ ዕቃ ነው ተብዬ ግማሽ ሌሊት የቆምኩ ሰው ነኝ።

የጓንዙ ነጋዴ

ቤቲዬ፣ እኔ ስለ ሌንስ አላውቅም፣ ስለ መንገድ ግን ጠይቂኝ። ፓወር ባንክሽን ገልብጠሽ እዪ። የቻይና የጥራት ምልክት፣ ትሪ ሲ የሚሉት፣ ከሌለው የአገር ውስጥ በረራ ላይ አያሳልፉሽም። ሕጉ የወጣው በ2025 ሰኔ መጨረሻ ነው፣ በፈረንጆቹ። የኔን ፍተሻው ላይ ጥዬ ነው የተሳፈርኩት፣ ደህና ብር ያወጣሁበትን! በባቡር ብትሄጂ ይሻልሻል። ከቤጂንግ ፈጣኑ ባቡር ከ4 ሰዓት ትንሽ በላይ እስከ 6 ሰዓት ይፈጃል፣ መስኮት አለ፣ ፎቶሽን ታነሺያለሽ። ትርፍ የካሜራ ባትሪ በአውሮፕላን ስትሄጂ እጅሽ ላይ ያዢው፣ ሻንጣ ውስጥ አይገባም።

ክፍያው በስልክ ነው። አሊፔይን አዲስ አበባ እያለሽ ጫኚ፣ ካርድሽንም እዚያው አስገቢ። ማረጋገጫው ኤስኤምኤስ ስለሚልክ ሲምሽ ካልሠራ ቻይና ውስጥ ትቸገሪያለሽ። ካርዱ እምቢ ካለ ጥሬ ዩዋን ያዢ፣ ይቀበላሉ፣ ብቻ መልስ ሲፈልጉ ያዛጋሉ።

ብርሃን አሳዳጅ

አንድ ነገር ልጨምር። ጉግል ፎቶስ ላይ እየጫንኩ እሄዳለሁ ብለሽ አስበሽ ከሆነ እዚያ አይሠራም። ቴሌግራምም፣ ዋትሳፕም፣ ኢንስታግራምም እንደዚያው። ከውጭ የተገዛ ኢሲም ወይም ሮሚንግ ካለሽ ብዙ ጊዜ ይከፍታል፣ ግን ለጊጋዎች ፎቶ አትመኪበት። 2 ሜሞሪ ካርድና አንዲት ትንሽ ኤስኤስዲ (ፎቶ ማስቀመጫ ዲስክ) ያዢ። ማታ ማታ ሆቴል ገልብጪ።

ስለ ወታደሮቹ ጉድጓድ ግን ከተማሪው ጋር አልስማማም። 150ው ላይ ሌንስሽ 6.3 ነው የሚከፈተው፣ ብርሃን በደንብ አያስገባም። አዳራሹ ብርሃኑን የሚያገኘው ከጣሪያ ነው፣ ደብዛዛ ነው። ፍላሽ ክልክል፣ ትራይፖድ ክልክል። አይ ኤስ ኦ (ካሜራው ብርሃን የሚቀበልበት አቅም) 6400 ልትገቢ ነው። በአር10 ያ ፎቶውን በቅንጣት ያቆሽሸዋል። 50ውን 1.8 ይዛ ትግባ።

ሺአን የሚማረው

ወንድሜ፣ 50ው ከአጥሩ እስከ ወታደሩ አይደርስም እኮ። ባዶ አፈር አንስታ ትመጣለች።

አሮጌው ኒኮን

ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፣ አትጣሉ። ከፊት ለፊት ተነስታ በጎን መተላለፊያው ወደ ኋላ ትሂድ። እዚያ ሰው ይቀንሳል፣ ሰልፉም በጎን ይታያል፣ 50ው ለዚያ ይሆናል። ለፊት ብቻ 150ውን ትጠቀም። ክርኗን አጥሩ ላይ ታስደግፍ፣ ትንፋሿን ትያዝ፣ ወታደሩ እንደሆነ 2,200 ዓመት ሳይነቃነቅ የቆመ ነው። ሹተሩን (ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ) 1/60 ሰከንድ ላይ ብታደርገው ምን ይሆናል? 6400ም መግባት አያስፈልጋትም። ደግሞ ሸክላ ላይ ትንሽ ቅንጣት ቢታይ ማን ያፍራል፣ አፈር እኮ ነው።

በሮ (ካሜራው ሳይነካካ በሚያስቀምጠው ፋይል) አንሺ ልጄ። የጣሪያው ብርሃንና የመብራቱ ቀለም ስለሚቀላቀል ፊታቸው አረንጓዴ እየሆነ ያስቸግርሻል፣ ቤት ገብተሽ ታስተካክይዋለሽ።

የዲሲው

ፍላሽ ለምን እንደተከለከለ የማያውቅ ሰው አብሮኝ ነበር፣ ጠባቂው ጮኸበት። ነገሩ ስለ ቀለማቸው ነው፤ እነዚህ ወታደሮች ሲቀበሩ ቀለም የተቀቡ ነበሩ። ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ወይን ጠጅ። ከአፈር ሲወጡ ከቀለሙ ሥር ያለው ሙጫ ወዲያው ይደርቅና ይላጣል፣ ቀለሙን ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ ያላወጧቸው ብዙ ናቸው፣ ሆን ብለው። ገበሬዎች በፈረንጆቹ 1974 የውኃ ጉድጓድ ሲቆፍሩ ነው የተገኙት፣ እስካሁን ቁፋሮ አለ።

2ኛው ጉድጓድ ውስጥ መስታወት ውስጥ የቆሙ ጥቂት ሐውልቶች አሉ። የተንበረከከው ቀስተኛ እዚያ ነው፣ ጀርባው ላይ የቀለም ርዝራዥ ይታያል። የሌንስሽን ጫፍ መስታወቱ ላይ ለጥፊ፣ ዙሪያውን በጥቁር ሻርፕ ሸፍኚ። ባለቤቴ በነጠላዋ ልትሸፍንልኝ ሞክራ መስታወቱ ውስጥ ጥምቀት የወጣን መስለን ነው የተነሳነው። ነጭ አይሆንም!

ቤቲ ከገርጂ

ሆዴን አሳመማችሁኝ በሳቅ። ሌንሱን ሰረዝኩ፣ ድሮኑንም መለስኩ። እንዴት ነው የምሄደው ወደ ጉድጓዱ? በስንት ሰዓት?

ሺአን የሚማረው

ከከተማው ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሜትሮ 9ኛው መስመር እስከ ኋቺንግቺ ጣቢያ፣ ከዚያ አውቶቡስ። ትኬቱ 120 ዩዋን ነው፣ በፓስፖርት ቁጥር ቀድመሽ ትይዢያለሽ። ፓስፖርቱን ራሱን ይዘሽ ሂጂ፣ ፎቶ ኮፒ አይሠራም። ባቡር ጣቢያው ደጅ ላይ "ቴራኮታ፣ ቴራኮታ" እያለ የሚጠራሽ ካለ እንደኛ አገር ወያላ አትመኚው። መጀመሪያ ሱቅ ያስጎበኝሻል፣ ቀጥሎም ሱቅ፣ ወታደሮቹ ጋ ስትደርሺ መሽቷል።

በር ሲከፈት እዚያ ሁኚና በቀጥታ ወደ 1ኛው ጉድጓድ ግቢ። ሌሎች ከ3ኛው ጀምሪ፣ ትልቁን ለመጨረሻ አስቀምጪው ይሉሻል። ለጎብኚ ጥሩ ምክር ነው፣ ለፎቶ ግን አይሆንም። አስጎብኚዎች ባንዲራ ይዘው ረፋዱ ላይ ሲመጡ ጠርዙ ላይ 5 ረድፍ ሰው ይቆማል። ከጭንቅላት በላይ እጅሽን ዘርግተሽ ነው የምታነሺው።

ደግነቱ በጥቅምት መጀመሪያ ብሔራዊ በዓላቸው ያለፈ ነው። ከመስቀል 4 ቀን በኋላ ይጀምርና ሳምንት ይቆያል። በዚያ ሳምንት የምትመጣ እህት ብትኖር ኖሮ ካሜራሽን ቤት ተይው ነበር የምላት።

የደሴው

ሰላም እህቴ። ሙስሊም ሰፈሩን አደራ እንዳታልፊው። ከከበሮው ማማ ጀርባ ነው። ምሽት ላይ ጎዳናው በጭስና በቀይ መብራት ይሞላል። ለውዝና ስኳር ትልልቅ የእንጨት መዶሻ ይዘው ሁለት ሆነው እየተቀባበሉ የሚወቅጡ ወጣቶች አሉ፣ ልክ እንደ ሙቀጫ ቤት። እዚያ ቆሚ። በ1/500 ሰከንድ መዶሻውን አየር ላይ ታቆሚዋለሽ። በ1/15 ደግሞ ሰዎቹ ቆመው መዶሻው ብቻ ይፈስልሻል። እኔ ሁለተኛውን ነው የወደድኩት።

ከዋናው ጎዳና ወደ ጎን ያሉት ጠባብ መንገዶች ግን ይበልጣሉ። ቱሪስት የለም፣ አዛውንቶች ነጭ ኮፍያ አድርገው ቼዝ መሰል ጨዋታ ይጫወታሉ። እኔ ካሜራ ከማውጣቴ በፊት "አሰላሙ ዐለይኩም" አልኩ። ፊታቸው እንዴት እንደተፈታ! ሻይ አስቀዱልኝ። ፎቶውን በኋላ ራሳቸው ናቸው አንሳን ያሉኝ።

ትልቁ መስጊድ እዚያው ሰፈር ውስጥ ነው። ውጭውን ስታዪው የቻይና ቤተ መንግሥት እንጂ መስጊድ አይመስልም። ሚናሬቱ ፓጎዳ (ባለ ብዙ ደርብ የቻይና ማማ) ነው፣ ጣሪያው የተቀለበሰ። በባህል ምሥረታውን በፈረንጆቹ ወደ 742 ዓ.ም. ይወስዱታል፣ የአሁኑ ግንባታ ግን መሠረቱ የሚንግ ነገሥታት ዘመን፣ 1392 ነው። ግቢው ሁሉ ወደ ምዕራብ ነው የሚያየው፣ ወደ መካ። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ ከአዳራሹ ጀርባ ይሆንና ፊቱ ይጨልማል። ጠዋት ሂጂ። ሙስሊም ያልሆነ ወደ መስገጃው አዳራሽ አይገባም፣ ከበሩ ግን ማየት ይቻላል። የሚሰግድ ሰው ላይ ሌንስ አትደግኚ።

ቤቲ ከገርጂ

ዐለይኩም ሰላም ወንድሜ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እኔ ያንን ሰላምታ ብዬ ሻይ ቢያስቀዱልኝ ቀጥሎ ምን እንደምል አላውቅም እንጂ። ዓይናፋርነቱስ? ማንም አልመለሰልኝም።

ሺአን የሚማረው

"ከዪ ፓይ ጃው ማ?" ማለት "ፎቶ ማንሳት ይቻላል?" ነው። በቃ ይቺን ብቻ ያዢ። ካሜራውን ከፍ አድርገሽ ፈገግ ብትዪም ይገባቸዋል። እጁን ካወዛወዘብሽ ዝም ብለሽ እለፊ፣ አትከራከሪ። ወታደር፣ ፖሊስና የፍተሻ ቦታ ጭራሽ አታንሺ።

ደግሞ አንቺ ራስሽ ፎቶ ትነሺያለሽ፣ እወቂው። በተለይ ከገጠር የመጡ እናቶችና ልጆች አይተውሽም። አንዳንዱ ሳይጠይቅ ያነሳል፣ እሱ ያናድዳል። የሚጠይቀውን ግን እሺ በይውና "አሁን የኔ ተራ" ብለሽ ካሜራሽን አሳዪው። እኔ ምርጥ የሰው ፎቶዎቼን ያገኘሁት በዚህ ልውውጥ ነው። ማንም እምቢ አላለኝም።

ሌላው ከትልቁ የዝይ ፓጎዳ በስተደቡብ ያለው የምሽት ጎዳና ነው። ልጃገረዶች የጥንቱን የታንግ ነገሥታት ዘመን ቀሚስ ተከራይተው፣ ተኳኩለው፣ የራሳቸውን ፎቶ አንሺ ቀጥረው ይመጣሉ። ለመነሳት ነው የመጡት፣ ስለዚህ አትፈሪ። የቀጠሩት ፎቶ አንሺ መብራት ሲያበራ ግን ከፊቱ አትግቢበት፣ እንጀራው ነው። ፓጎዳው ራሱ በ652 የተሠራ ነው፣ ሹዋንዛንግ የሚባለው መነኩሴ ከህንድ ያመጣቸው መጻሕፍት እንዲቀመጡበት። እንደ ፎቶ ብዙም አልወደውም፣ እንደ ታሪክ ግን እወደዋለሁ።

አሮጌው ኒኮን

እኔ ስለ ግንቡ ልናገር። ርዝመቱ ወደ 14 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፣ ቁመቱ 12 ሜትር፣ ላዩ ላይ መኪና ያስኬዳል። ከ1370ዎቹ ጀምሮ የቆመ ነው። ብስክሌት ይከራያል፣ በ2 ሰዓት ይዞራል። መግቢያው 54 ዩዋን ነው። ሰዎች የሚሳሳቱት ፀሐይ ስትወጣ ግንቡ ላይ እሆናለሁ ብለው ነው። በሩ ያን ጊዜ ዝግ ነው።

ማለዳውን ግንቡ ሥር አሳልፊው። በግንቡና በውኃ ቦዩ መካከል ዙሪያውን መናፈሻ አለ። ሽማግሌዎች ታይ ቺ (ዝግ ያለ የቻይና ስፖርት) ይሠራሉ፣ ይዘፍናሉ፣ አንዳንዱ የክንድ ያህል ብሩሽ ውኃ እየነከረ ድንጋይ ላይ ፊደል ይጽፋል። ጽፎ ሳይጨርስ መጀመሪያ የጻፈው ይደርቃል። ጎንበስ ብለሽ በፀሐዩ ትይዩ ሁኚ፣ እርጥቡ ፊደል ያበራል። ይህንን ለማንሳት ሰፊ ሌንስ አያስፈልግም፣ ጉልበት ያስፈልጋል።

ግንቡ ላይ የምትወጪው ፀሐይ ከመግባቷ አንድ ሰዓት በፊት ነው፣ በደቡቡ በር፣ በዮንግኒንግ። ጥላው በጡቦቹ መካከል ይረዝማል። ከገባች በኋላ 20 ደቂቃ ያህል ሰማዩ ጥልቅ ሰማያዊ ሆኖ ይቆያል፣ ፋኖሶቹም በርተዋል። ካሜራውን አጥሩ ጡብ ላይ አስቀምጪና 2 ሰከንድ ስጪው።

ቤቲ ከገርጂ

ጋሼ፣ እርስዎ ፎቶ ያስተምራሉ እንዴ? ዝናብ ቢሆንስ? ጭጋጉም ብዙ ነው ይባላል።

አሮጌው ኒኮን

የለም ልጄ፣ ጡረተኛ ነኝ። ቢዘንብ ደስ ይበልሽ፣ የግንቡ ወለል መስታወት ይሆንልሻል። ጭጋግ ከሆነ ሩቁን ተይውና ቅርቡን አንሺ። ሰማዩ ነጭ ሲሆን ከፎቶሽ አውጪው፣ በቃ። ከኅዳር የመጀመሪያ ሳምንት በኋላ ማሞቂያ ሲጀመር ነው አየሩ የሚከፋው፣ አንቺ ቀድመሽዋል።

የዲሲው

የድንጋይ ጽሑፎች ሙዚየሙንም ግቢ፣ ቤይሊን ይሉታል። ከ1087 ጀምሮ የተሰበሰቡ የድንጋይ ሐውልቶች ናቸው። እኔ አክሱም አይቼ ነው ያደግኩት፣ ድንጋይ አያስደንቀኝም ብዬ ነበር። አንዱ ጋ ስደርስ ቆምኩ። በ781 የቆመ ነው፣ አናቱ ላይ መስቀል አለ። ክርስትና በ635 ቻይና መግባቱን ይተርካል፣ ጽሑፉ ቻይንኛ ሆኖ ከግርጌና ከጎን ሱርስት አለበት። ዘጠኙ ቅዱሳን ከሶርያ አካባቢ ወደኛ መጡ የሚባለውን ታሪክ እየሰማሁ አድጌ፣ የዚያኑ አገር ቋንቋ ቻይና መሃል ሳገኘው ፎቶ ማንሳቱን ረሳሁት። ተመልሼ ነው ያነሳሁት።

ሐውልቶቹ ጥቁርና አንጸባራቂ ናቸው፣ ፊት ለፊት ከቆምሽ ራስሽን ታነሺያለሽ። በጎን ቁሚ፣ ብርሃኑ ፊደሉን እየላሰ ሲያልፍ ጉድጓዱ ይታያል። ወረቀት ለጥፈው በቀለም እየመቱ ቅጂ የሚያወጡ ሠራተኞችም ካገኘሽ እጃቸውን አንሺ። ለ50ው የተፈጠረ ነው።

ብርሃን አሳዳጅ

የደወሉ ማማስ? በ1384 የተሠራ፣ አራቱ ዋና መንገዶች መሃል ላይ የቆመ አደባባይ ነው። መኪናው ዙሪያውን ይፈሳል። ከጎን ካሉት ሕንፃዎች አንዱ ላይ ወጥተሽ፣ ቡና አዝዘሽ፣ መስኮት ዳር ተቀመጪ። ትራይፖድሽ በዚህ ጉዞ ላይ የምትጠቅመው እዚች ጋ ነው፣ ካልከለከሉሽ። 8 ሰከንድ ብትሰጪው መብራቱ ክር ይሆናል። መስታወቱን በሻርፑ ሸፍኚ። ጥቁሩን!

ቤቲ ከገርጂ

እሺ፣ እንዲህ አደረግኩት። ሰኞ ማታ የደወሉ ማማ፣ ከዚያ ሙስሊም ሰፈር መዶሻው ጋ። ማክሰኞ ጠዋት ወታደሮቹ፣ ማታ ግንቡ። ረቡዕ ማለዳ መናፈሻው፣ ከዚያ መስጊዱ፣ ከዚያ ድንጋዮቹ። የዝይ ፓጎዳውን ተውኩት፣ ተማሪው ራሱ አልወደውም ብሏል። ካሜራ ይዤ ስዞር መብላት እረሳለሁ፣ ረቡዕ ደግሞ ጾም ነው። ምን እበላለሁ?

ሺአን የሚማረው

ሊያንግፒ በዪ። ቀዝቃዛ፣ ሰፋ ያለ ፓስታ መሰል ነገር ነው፣ በኮምጣጤና በበርበሬ ዘይት ታሽቶ፣ ኪያር ተደርጎበት። ሥጋም ቅቤም የለውም። ማክሰኞ ማታ ግን ከግንቡ ስትወርጂ ፓውሞ ሳትበዪ እንዳትሄጂ። የበግ ሾርባ ነው፣ ደረቅ ዳቦ ከባዶ ሳህን ጋር ይሰጡሽና ራስሽ ትፈተፍቺዋለሽ። ደቃቅ አድርጊው፣ የሽንብራ ያህል። ትልልቅ አድርገሽ ከሰጠሻቸው ምግብ ሠሪው አይቶ ሊመልስልሽ ይችላል፣ እኔን 2 ጊዜ መልሶኛል። ስትፈተፍቺ ካሜራውን ራቅ አድርጊው፣ ፍርፋሪው ሌንሱ ውስጥ ይገባል።